አለቃ ዛሬ ምን አማራቸው?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ዝናብ። ከሥራ ስወጣ ጃንጥላ የለም… እንደ ልማዴ። የዶን ፊደንሲዮ ሸራ ስር ገባሁ። ለመጠለል ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ዶን ፊደንሲዮ የበሬ ጭንቅላት በእንፋሎት ያበስላል። ጉንጭ፣ ምላስ፣ ከንፈር፣ አንጎል… ሁሉንም አዳርሻለሁ። ዓይን ግን ሁልጊዜ ከኔ በፊት ያልቃል። ዛሬ አለ! «ዛሬ ቀንቶሻል» አለኝና ከትፎ ትንሽ የበቆሎ ቂጣ ላይ ዘረገፈልኝ። ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ።

«ጨፍነሽ ነው የምትበዪው?»

«እሱ እያየኝ እኔ ልጨፍን?»

የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ለስላሳ ነው። ከምላስም ይበልጥ ይቀልጣል። መሀሉ ላይ እንደ ሙጫ የሚይዝ ነገር አለው፣ ጥርስ ላይ ይቀራል። ወደድኩት። ደገምኩ። አረንጓዴውን ዳጣ «አያቃጥልም» ብሎ ጨመረልኝ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሁሌ አያቃጥልም ይላሉ። ሁሌ አምናለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማታ ለኤፍራይን ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ። ባሌ እናቱ ያልሠሩትን ምግብ በጥርጣሬ የሚያይ ሰው ነው። ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆነ የሰው ቤት ሥጋ እንዴት እንደሚበላሽ አይቻለሁ ይላል። «በዚያ አፍሽ ልትስሚኝ?» አለ። «ማን ይስምሃል» አልኩት። ራሱ መጥቶ ሳመኝ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ዊትላኮቼ ገባ! ዝናቡ ሲበዛ በቆሎው ላይ የሚወጣው ጥቁር አረማሞ። ሌላ አገር ገበሬው አንገቱን ይደፋበታል አሉ። እኛ እንሰለፍለታለን።

የሚገርመው… አልጣመኝም። ዶኛ ቻዮ ከዶን ፊደንሲዮ ጎን ምጣዷን ይዛ የቆመችው ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ነው መሰለኝ። ሰማያዊውን የበቆሎ ሊጥ በእጇ ጠፍ ጠፍ አድርጋ፣ ሞልታ፣ አጥፋ ትጥላለች። ኬሳዲያዋን አንዴ ጎረስኩና «ስቡን ቀየርሽው እንዴ?» አልኳት።

«አልቀየርኩም።»

«ቀይረሻል። ይሸታል።»

መጥበሻዋን አስቀመጠች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እኔ አልቀየርኩም፤ የተቀየርሽው አንቺ ነሽ። ስንት ወርሽ ነው?»

«የምን ወር?»

«ፊደንሲዮ! ይቺን ልጅ እያት እስቲ! የምን ወር ትለኛለች!»

እየሳቅኩ ሄድኩ። ግን ከበደኝ። ምላሴ ዋሽቶኝ አያውቅም። ልጅ ሆኜ አያቴ በሙታን ቀን ለሞቱት ዘመዶች የዘረጋነው ማዕድ ሲነሳ «ቅመሺ፣ ጣዕሙን ይዘውት ሄደዋል፣ ምንም አይልም» ስትለኝ፣ «ኧረ አለ! እንደውም ጨው በዝቶበታል» ብዬ ኩርኩም ቀምሻለሁ። የተጠራጠርኩት ሁልጊዜ ሰውን ነው፣ ምላሴን አይደለም።

ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

ሁለት መስመር።

ሌላ መመርመሪያ ገዛሁ። እሱም ሁለት መስመር። ስድስት ዓመት ጠብቀን… መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኤፍራይን ሽንት ቤት ክዳን ላይ ተቀምጦ «እርግጠኛ ነሽ? መመሪያውን አንብበሽዋል?» ይላል። ከዚያ እሱም አለቀሰ። ከዚያ ወዲያው «ከአሁን በኋላ መንገድ ላይ መብላት የለም» አለ። ገና እንባው ሳይደርቅ! «ሞቼ ነው የምተወው» አልኩት። አማተበ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 30

እነ ዶን ፊደንሲዮ የሚሸጡበት የመንገድ ማዕዘን በሙሉ አውቋል። እኔ የነገርኩት ለዶኛ ቻዮ ብቻ ነው። ለዶኛ ቻዮ መንገር ማለት ግን በድምፅ ማጉያ መናገር ነው።

አሁን ሰልፍ የለም ለኔ። ገና ከሩቅ ስታየኝ ትጮሃለች። «ዞር በሉ! አለቃ መጡ! አለቃ ዛሬ ምን አማራቸው?» አለቃ ማለት ሆዴ ውስጥ ያለው ነው። አንቱ ነው የምትለው፣ የባቄላ ፍሬ የማያክለውን! ከዚያ የመጀመሪያዋን ትኩስ ትላኮዮ፣ ባቄላ የተሞላችውን ሞላላ ቂጣ፣ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠኛለች። ልክፈል ብል ትቆጣለች።

«የአለቃን ማስከፈል? ዓይኔን አልጠላሁትም!»

እንደዚህ ነው እኛ ጋ። ነፍሰ ጡር ያማራትን የከለከለ ሰው ዓይኑ ላይ ብጉንጅ ይወጣል። ዶን ፊደንሲዮ ይምላል… አንዲት እርጉዝ ምላስ ጠይቃው አልቋል ብሏት፣ ለራሱ የደበቃት ቁራሽ ነበረች፣ በማግስቱ ዓይኑ ቲማቲም አክሎ ተነሳ። «ታዲያ አልቋል ብለህ የዋሸኸውስ?» አለችው ዶኛ ቻዮ። «ለሱ ነዋ ሁለቱም ያበጠው!»

የፍራፍሬ ሻጩ ማንጎ ሰጠኝ። አንዷ ደግሞ ጠብሳ የምትሸጠውን ፌንጣ በሎሚ አድርጋ አንድ እፍኝ። ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ሥራ ገባሁ። የምሠራው ቀለምና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ነው፤ ዛሬ ግን ግሮሰሪ መሰለ። አለቃ ጠግበው ዋሉ።

ሕይወቴን ወደድኳት ዛሬ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ደም አየሁ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

አለቀ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እጄን ያዘችኝ። «ይሄ በብዙ ሴት ላይ የሚደርስ ነው፣ ከመጀመሪያውም ሳይስተካከል የቀረ ነገር ነው» አለች። ምግብ ይሆን ወይ አልኳት። ምን በላሽ? አለችኝ። ዓይን፣ ፌንጣ፣ አረማሞ… «በምግቡ አይደለም» አለች። ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። ግን መጀመሪያ ትንሽ አላመነታችም? ቅንድቧ ከፍ አላለም?

ኤፍራይን መኪና ውስጥ ሬድዮ ከፈተ፣ ዘጋው።

እሑድ፣ ኦገስት 17

የኤፍራይን እናት ዶኛ ኤርሚላ ሾርባ ይዘው መጡ። ጎናቸውን ወደኔ አድርገው ቆመው፣ ለድስቱ የሚነግሩት ይመስል «እንግዲህ ያን ሁሉ የመንገድ ዳር ቆሻሻ…» አሉ። አልጨረሱትም። ኤፍራይን ሰምቷል። ሳህን ማጠቡን ቀጠለ።

ሾርባውን አልነካሁትም። ሌላም አልነካሁም። 

ሰኞ፣ ኦገስት 25

ሥራ ገባሁ። በማዕዘኑ ሳልፍ እነግራታለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ሌሊቱን ስለማመድ ነው ያደርኩት። «ዶኛ ቻዮ፣ አልሆነም።» በቃ። ሦስት ቃል።

ገና ከሩቅ ስታየኝ «ኧረ የት ጠፉ አለቃ! እኛን ንቀው ነው? ምን አማራቸው ዛሬ?»

አፌን ከፈትኩ። «ትላኮዮ» አልኩ።

ለምን? ለምን እንደዚያ አልኩ?

ያቺን የመጀመሪያዋን ትኩስ ሰጠችኝ። ዳጣ ቀነስ አድርጋ፣ «አለቃን እንዳያቃጥላቸው»። ይዤ ሄድኩ። ጥግ ላይ ሸተትኩት። ባቄላው፣ የተቃጠለው የሊጡ ጠርዝ… ምራቄ መጣ። እንደመጣ አፈርኩ። አንድ ቢጫ ውሻ ነበር፣ ለሱ ጣልኩለት።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4

በየቀኑ «ነገ እነግራታለሁ»። በየቀኑ ትላኮዮ። አንዱን ለውሻው፣ አንዱን በርሜል ውስጥ፣ አንዳንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ይቀራል።

ዛሬ ዶን ፊደንሲዮ ዓይን አስቀምጦልኝ ነበር። «ለአለቃ ዓይን እንዲያምር» ብሎ። በወረቀት ጠቅልሎ።  ያኔ ጁላይ ላይ ስበላ፣ አለቃ ነበሩ ማለት ነው። ሁለት በላሁ። ሁለት! እየሳቅኩ።

በምግቡ አይደለም አለች። ሁለት ጊዜ አለች።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

ዶኛ ቻዮ ዛሬ ሆዴን በመዳፏ ነካችው። ሰፊ ሹራብ ለብሼ ነበር። «አለቃ ከሲታ ናቸው» አለች። «አትመግቢያቸውም እንዴ አንቺ ልጅ?» ከዚያ ሁለት ጨመረችልኝ። የእጇ ሙቀት እስካሁን እዚያው ያለ ይመስለኛል።

እኔ ሌባ ነኝ። የሞተ ሰው ስም እየጠራ እንደሚለምን ሌባ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

ኤፍራይን ቦርሳዬን ከፈተ። መክፈቻ ፈልጎ ነው። የሻገቱ ትላኮዮዎች አገኘ፣ ወረቀታቸው ላይ ተጣብቀው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው።

«ይሄ ምንድነው?»

ነገርኩት። አለቃ አሁንም እንዳሉ ነው እነ ዶኛ ቻዮ የሚያስቡት አልኩት።

«አብደሻል? ንገሪያቸው! ሰውን ታሞኛለሽ?»

«አንተ ለማን ነገርክ? ቃሉን አንዴ ተናግረህ ታውቃለህ? እናትህ ቆሻሻ በልታ ነው ሲሉ እንኳ…»

«ተይ እናቴን።»

«ለማን ልንገር ኤፍራይን? እዚህ ቤት ውስጥ የለም። ሐኪም ቤት የለም። አንተ ጋ የለም። ያለው እዚያ ማዕዘን ላይ ብቻ ነው! እዚያ ሄጄ የለም ልበል? እዚያም ይሙት?»

ኤፍራይን የሻገቱትን ሰብስቦ ጣላቸው። ቀስ ብሎ ነው የጣላቸው ግን። ሳህን እንደሚያስቀምጥ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

ዘዴ አገኘሁ። ብልጥ ነኝ።

ዊትላኮቼ እያለቀ ነው። ዶኛ ቻዮ የመጨረሻዋን ከጎኔ ለቆመው ሰውዬ አጥፋ ስትሰጠው አየሁ። ሳህኑ ባዶ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ «አለቃ ዊትላኮቼ አማራቸው» አልኩ። የሌለ ነገር ከጠየቅኩ ምንም ሳልቀበል እሄዳለሁ ብዬ ነው። ለአንድ ቀን እንኳ ሳልሰርቅ ልዋል ብዬ።

ፊቷ ተለወጠ። ሰውዬውን አየችው፤ ጎርሷል። «ወይኔ! ወይኔ አለቃዬን! ምነው ቀድመሽ ብትናገሪ! ሌላ ነገር… የዱባ አበባ ላድርግላቸው? አይብ አለ… ኧረ ቆይ እንጂ!»

«ግዴለም፣ ግዴለም» እያልኩ ሄድኩ። ስትጠራኝ ይሰማኛል። እጄ ባዶ ነበር። ተገላገልኩ አልኩ።

ከሰኞ ጀምሮ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው። በፋርማሲው በኩል።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ዶን ፊደንሲዮ ሱቅ መጣ። የጋዝ ጎማ ፈልጎ ነው አለ። ጎማውን ሳያየው «ምነው ጠፋሽ?» አለኝ።

«ሥራ በዛብኝ።»

«ቻዮ ዓይኗ አብጧል።»

ጎማውን እየጠቀለልኩ ነበር። ቆምኩ።

«የግራው። እንደዚህ ያለ ብጉንጅ አይቼ አላውቅም። በካሞሚል ቅጠል ብታጥበው፣ ምን ብታደርግ እምቢ አለ። አለቃን ከልክዬ ነው ትላለች። ያቺን የመጨረሻ ኬሳዲያ ለዚያ ሆዳም ከምሰጥ እጄ በተቆረጠ ትላለች። እንቅልፍ የላትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ስትቀሪ ደግሞ…» ኮፍያውን አወለቀ። «ዙልማ፣ የኔ ልጅ… አንድ ነገር ሆነ እንዴ? እሷ እንደዚያ ነው የምታስበው። በኔ ምክንያት አንድ ነገር ሆነ ብላ።»

ያኔ ነበር መናገር። እዚያው፣ በሩ ክፍት፣ ሰው የለ።

«አለቃ ደህና ናቸው» አልኩ።

«ተመስገን!» አለ። ፊቱ በራ። ጎማውን ረስቶ ሄደ።

ምን አደረግኩ? ምን ዓይነት ሴት ናት እንደዚህ የምትል? እኔ የበላሁት ዓይን ነው እያልኩ ራሴን ስፈጅ፣ እሷ ደግሞ ያልሰጠሁት ኬሳዲያ ነው እያለች ራሷን ትፈጃለች። የኔን ጥርጣሬ ማንም ሊያወልቅልኝ አይችልም። የሷን ግን እኔ በአንድ ቃል ማውለቅ እችላለሁ። አላደረግኩም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6



ዶኛ ቻዮ ሱቅ ድረስ መጣች። ምጣዷን ትታ! አንድም ቀን ዘግታ የማታውቅ ሴትዮ። ሽርጧን አላወለቀችም። ግራ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ተከድኗል፣ ቆቡ ቀልቷል፣ እንባ ያለማቋረጥ ይወርዳል። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ሚልፓ አልታ ድረስ ሄጄ ነው ያገኘሁት» አለች። «የእህቴ ማሳ ላይ ሁለት ራስ በቆሎ ቀርቶ ነበር። ወቅቱ አልፏል እኮ።» ጨርቁን ገለጠች። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ትኩስ ኬሳዲያ። የቀለም ቆርቆሮዎቹ መሀል እንፋሎቱ ተነሳ። «ይቅር በይኝ። የተከለከለው ነገር እስኪበላ ድረስ ዓይን አይድንም ይላሉ። የኔ ዓይን ይጥፋ፣ ግዴለኝም። አለቃ ግን… ምንም አልሆኑም አይደል? ፊደንሲዮ ደህና ናቸው ብሎኛል። ግን አንቺ ራስሽ ንገሪኝ።»

አሰብኩት። አልዋሽም፣ አሰብኩት። እዚህ ፊት ለፊቷ ልብላው፣ ደስ ይበላት፣ ትዳን፣ ትሂድ። ከዚያ ሥራ ልቀይር። ሰፈር ልቀይር።

ጎረስኩ።

ጣዕሙ ሁሉ አለ። አፈሩ፣ ጭሱ፣ ጣፋጩ፣ ያቺ መጨረሻ ላይ የምትመጣው ትንሽ ምሬት… ከኦገስቱ ሐዘን ወዲህ ከዶኛ ቻዮ እጅ የቀመስኩት የመጀመሪያው ጉርሻ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚህ የጣመኝ ነገር ያለ አይመስለኝም። ይህ ነው የገደለኝ። መጣፈጡ። ማን ፈቅዶልኝ ነው የሚጣፍጠኝ? መዋጥ አቃተኝ። አፌ ሞልቶ ማልቀስ ጀመርኩ። እንደ ሕፃን፣ ፍርፋሪው በአገጬ እየወረደ።

«ዶኛ ቻዮ፣ የሉም» አልኳት። «አለቃ የሉም። ከአንቺ አይደለም። ቀድሞ ነው። ኬሳዲያውን ከመጠየቄ በፊት ነው። ልትከለክይው የምትችይው ሰው አልነበረም።»

ባንዱ ዓይኗ አየችኝ። 

«መቼ?»

«ኦገስት።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ታዲያ ያን ሁሉ ትላኮዮ ማን በላው?»

«ማንም። ውሻ… በርሜል።»

«እኔ ሳቀብልሽ…»

«መናገር አቃተኝ። አለቃ እያልሽ ስትጠሪያቸው… መናገር አቃተኝ።»

ጨርቁን አጣጠፈች። አራት ቦታ። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እስከ በሩ ሄደች፤ ዞር አለች።

«ብጉንጁ ታዲያ ከየት መጣ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

በፋርማሲው በኩል። አንገቴን ደፍቼ።

አሁን እዚያም የለም። ራሴ ነኝ ያጠፋሁት። ልክ ነው ያደረግኩት… ልክ ነው። ለምን ታዲያ እንደገና ከሐኪም ቤት የወጣሁ መሰለኝ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ኤፍራይን አምሽቶ ገባ። ሸሚዙ ላይ የዘይት ነጠብጣብ። የፍሪጅ ዘይት አይደለም፤ ሸተትኩት። ስብ፣ ሰማያዊ በቆሎ።

«የት ነበርክ?»

ጫማውን ሲፈታ ቆየ። «ማዕዘኑ ጋ።»

«አንተ? ማዕዘኑ ጋ?»

«ምን ልበላት እያልኩ መኪና ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወርጄ ሰልፍ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ምን ይሁን? አለችኝ። እኔ…» ጉሮሮውን ጠረገ። «የልጁ አባት ነኝ አልኳት።»

በሁለት ወር ውስጥ ይህን ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ልጁ። አባት። እዚያ፣ ሰልፍ ላይ፣ የማያውቃቸው ሰዎች መሀል ነው የተናገረው።

«ምን አለችህ?»

«ትላኮዮ ሰጠችኝ። ቆሜ በላሁት።»

«ጣመህ?»

«ባቄላ አለው» አለ። ከዚያ ፊቱ ተጨማደደና አለቀሰ። ሳቅኩም አለቀስኩም። የመንገድ ዳር ምግብ የበላ ባል አለኝ። ለእናቱም ደውሎላቸዋል፣ መኪና ውስጥ ሆኖ። ከእንግዲህ ስለ ምግብ እንዳይናገሩ። ምን እንዳሉት አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩትም።

ልንተኛ ስንል «ረሳሁት» አለ። «ዶኛ ቻዮ ሠላሳ ላይ ኑ ብላለች። ሁለታችንም።»

ሠላሳ። በሙታን ቀን ሰሞን፣ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት የሚመጡበት ቀን ነው። ከአዋቂዎቹ በፊት፣ ከሌሎቹ ሕፃናትም በፊት፣ ለብቻቸው።

እንዴት አላሰብኩትም?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ሄድን።

ከምጣዷ ኋላ፣ ሸራው ስር፣ ሁለት የቲማቲም ሣጥን ደራርባ ነጭ ጨርቅ አልብሳለች። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ሻማ፣ ከገበያ የመጡ ቢጫ አበባዎች። ፎቶ የለም። ምን ፎቶ ይኖራል? ፎቶ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ባዶውን ትታዋለች።

 ዶኛ ቻዮ አየችኝ። ዓይኗ ድኗል። ኤፍራይን በኋላ «ካሞሚሉ ነው» አለኝ። ይሁንለት።

እንደ ድሮው አልጮኸችም። ሊጥ ወሰደች፣ ጠፍ ጠፍ አደረገች፣ ባቄላ ሞላች። የሌላው ግማሽ የማታክል አደረገቻት። ምጣዱ ላይ ጣለቻት። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ለኛ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«አለቃ ዛሬ ምን አማራቸው?»

 ኤፍራይን ነው የመለሰው። «ትላኮዮ» አለ።

«ያለ ዳጣ» አለች። «ሕፃን ናቸው።»

በትንሽ ሳህን ሣጥኑ ላይ አኖረቻት። ዶን ፊደንሲዮ ሥጋ የተጠቀለለባት ቂጣ፣ አንድ ታኮ ይዞ መጣ። ወደኔ ጎንበስ ብሎ «ጉንጭ ነው» አለኝ። «ዓይን ለሕፃን ይከብዳል።» የፍራፍሬ ሻጩ ማንጎ ልጦ አመጣ። ሁሉም ያውቃሉ ለካ። አንዱም ለምን ዋሸሽን አላለኝም። ፌንጣ የምትሸጠዋ ብቻ «እኔ የሰጠሁትንም ውሻ በላው?» አለች። «ያንን በልቻለሁ» አልኳት፤ እውነቴን ነው፣ ያኔ አለቃ ነበሩ። «ጎሽ» አለች።

እስኪጨልም ቆምን። ሻማዋን ንፋስ እንዳያጠፋት ኤፍራይን በጃኬቱ ከልሏት ነበር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በማዕዘኑ በኩል ሄድኩ። በፋርማሲው በኩል አይደለም።

ዶኛ ቻዮ ለሌሎቹ ሕፃናት ጨርቁን ልትለውጥ ማዕዱን እያነሳች ነበር። ትላኮዮዋን ከሳህኑ አንስታ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ቀዝቅዛለች። ጠርዟ ደርቋል። «የእናት ነው» አለች። «ብዪ።»

ፈራሁ። እንደ ያኔው መዋጥ ያቅተኛል ብዬ ነው።  ጎረስኩ። አኘክኩ።

ምንም።

እንደገና ጎረስኩ። ባቄላው የት ሄደ? ጨዉስ? የዚህች ሴትዮ ሊጥ እኮ ቀዝቅዞም፣ ሦስት ቀን አድሮም፣ ጨፍኜ የማውቀው ነው። ምላሴ ላይ አዙሬ አዙሬ ፈለግኩት። ወረቀት። አየር። አያቴ ብትኖር ኖሮ እግሯ ላይ ወድቄ ኩርኩሙ ይገባኝ ነበር እላታለሁ።

«እ?» አለችኝ ዶኛ ቻዮ።

«ምንም አይልም» አልኳት። ድምፄ ተቆራረጠ። «ምንም አልተረፈውም።»

«ታዲያስ!» አለች፣ ሳህኑን በሽርጧ እየወለወለች። «ርቧቸው ነበራ።»

ጥግ ላይ ቆሜ እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ በላኋት። እያለቀስኩ፣ ግን በላኋት። ለውሻው አልጣልኩም። አለቃ ጠግበው ሄደዋል። ያን ሁሉ ቀን በስማቸው ተቀብዬ የጣልኩትን ሁሉ ዛሬ በልተው ሄደዋል።

ከዚያ ራበኝ። እኔን፣ ራሴን። ምጣዱ ጋ ተጠግቼ «አንድ በአይብ፣ ዳጣ በዛ አድርጊልኝ» አልኩ።

ቀና አላለችም። ሊጡን ጠፍ ጠፍ እያደረገች ሌላውን ደንበኛ ታስተናግዳለች።

«ተራሽን ጠብቂ» አለችኝ።

ከሰልፉ መጨረሻ ሄጄ ቆምኩ። ፊቴ ብዙ ሰው ነበር።